ገፉት ወይስ አደፋፈሩት?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ወጣቶች ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆናቸውን ፌስቡክ ላይ የሚናገሩት ጓደኛ ስለሚገፋፋቸው ነው ይላል። እኔ አልስማማም። በማርች 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ጉዳይ ሲሰማ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ጋብቻውን መደገፉን ለማሳየት የፌስቡክ ፕሮፋይል ፎቶውን በቀይ የእኩል ምልክት ቀይሮ ነበር። ያን ሰሞን እዚህ ዋሽንግተን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ስልኩን ይዞ ቀዮቹን አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። አክስቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሳምንቱ ስለ ራሱ ጻፈ። ማንነቱን ከማንም አልተማረም፤ ማን እንደማይጥለው ግን አወቀ። አገር ቤት ላለ ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ ያስራል፤ አንድ ስክሪንሾት ደግሞ ቤተሰቡ ጋ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። እሱን «አንተም ተናገር» አትበሉት፣ እባካችሁ።