ለጥናት ነው

ሀበሻ ውሃ ዳር ብቻውን ከቆመ አንድ ችግር አለበት ማለት ነው። ፈረንጅ ከቆመ ግን ወፍ እያየ ነው። ይሄ ሕግ የት እንደተጻፈ አላውቅም፤ ከላንጋኖ እስከ ሐዋሳ ግን ሁሉም ያከብረዋል።

ባሕር ካጣን ቆየን። ምጽዋ ዋኝተናል የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ወሬያቸውን ሲጀምሩ እኛ ስልካችንን እንጎረጉራለን። የኛ ባሕር ሐዋሳ ነው። ሞገዱ ቢያንስም ወፉ ሞልቷል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽቶ ስምጥ ሸለቆን ይዞ የሚወርደው ይጨመርበታል። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል ይባላል። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው ያለው፦ የሚበላና የማይበላ።

ይሄን ያረጋገጥኩት በመሥሪያ ቤታችን ጉዞ ላይ ነው። አውቶቡሱ ሻላና አብያታ አካባቢ ሲደርስ ስለ ፔሊካን ላወራ ተነሳሁ። ፔሊካኖቹ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ያለች ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ግን እነሱን የሚያጠግብ ዓሳ የለውም። ስለዚህ ጎረቤት ወዳለው አብያታ እየበረሩ አጥምደው ይመለሱ ነበር። ቤት እዚህ፣ እንጀራ እዚያ። ከልቡ ያዘነላቸው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ፒያሳ የሚሠራው ባልደረባችን ብቻ ነው።

«ሰርቪስ የላቸውም?» አለ።

የባሰው በኋላ መጣ። ውሃው ለመስኖም ለሶዳ አሽ ፋብሪካም ሲቀዳ ሲቀዳ አብያታ እየሸሸ ሄደ፣ ዓሳውም አለቀ።

«መሥሪያ ቤቱ ተዘጋባቸው በለኛ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ መጣ፦

«ግን ይበላል?»

ሐዋሳ እንደደረስን ሻንጣ እንኳ ሳናወርድ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ሄድን። እዚያ የወፍ ፍቅር ያለው ሰው ከጥሬ ዓሳና ከዳጣ ጋር መወዳደር አለበት። አንድ ልጅ ቆሮሶ ይዞ በቢላ ሲፍቅ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ቅንድቡ ላይ ይለጠፋል። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ቀና ሳይል ወደ ጎን ይወረውራል። ቀና ማለት አያስፈልገውም፤ አባ ኮዳ እዚያው ቆሟል። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ራሱ ተመልጦ ጥቂት ፀጉር ብቻ ቀርቶታል፣ ከአንገቱ ሥር ሮዝ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ ክንፉን ጀርባው ላይ ሰብስቦ ጡረታው እንደዘገየበት ሹም ይጎማለላል። ለሰው መንገድ አይለቅም። እኛ ነን ይቅርታ ብለን የምናልፈው።

ከሰው ሀብት ክፍል የመጣችው ልጅ ሮጣ አጠገቡ ቆመችና ሰልፊ ተነሳች። «ነጭ ካልሲ አድርጓል! ሲያምር!» አለች። እግሩ በተፈጥሮው ጥቁር መሆኑን፣ ሙቀት ሲበዛበት እንዲያቀዘቅዘው የራሱን ኩስ እንደሚለቅበት፣ ነጩም እሱ እንደሆነ ነገርኳት። ወደ ኋላ ተፈናጠረች። ፎቶው ግን ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። «ሁለት ቆንጆዎች» የሚል ኮሜንትም ደርሶታል።

በማግስቱ ማልጄ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ድንጋይ ለድንጋይ እየሮጠች ነበር። ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ነው። ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ስትቆምም ጅራቷ ሥራ አይፈታም፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። አውሮፓና እስያ ተወልዳ ብርዱን እዚህ የምታሳልፍ ዲያስፖራ ናት። ዕድለኛ ናት፤ ሞባይል አምጪልኝ የሚል ዘመድ የለባትም።

የሩቅ ማያ መነጽሬን ገና ከማንሳቴ ጀልባ ነጂው መጣ። «ጉማሬ ላሳይህ? በቅናሽ?» አይ አልኩት። «ብቻህን ነህ እንዴ?» ብሎ አዘነልኝ።

ቀጥለው የሂሳብ ክፍሏ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። አጠገቤ ቆመው ትንሽ ተነፈሱ። «አይዞህ፤ እሷ ባትሆን ሌላ ታገኛለህ» አሉኝ። የትኛዋ እሷ? «እትዬ፣ ወፍ እያየሁ ነው።» «እሱስ ይሁን፣ ግን ከውሃው ራቅ በል።»

በመጨረሻ ጥበቃው አባባ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ።

«ምን እያየህ ነው ልጄ?»

«ወፍ።»

ወደ ውሃው አዩ። ወደ እኔ አዩ።

«ወፏ ምን አደረገች?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። ወፏ ምንም አላደረገችም። ምንም ያላደረገችን ወፍ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ እኛ አገር ያስጠረጥራል። አባባ መነጽሩን በዱላቸው ጫፍ እየጠቆሙ ፈቃድ ሊጠይቁኝ ሲሉ አንደበቴ በራሱ ተፈታ፦

«ለጥናት ነው።»

ተአምር ነው። ዱላው ወረደ። አባባ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ቀድመህ አትናገርም ታዲያ!» ብለው ወንበር አመጡልኝ። አገራችን ውስጥ ዝም ብሎ ያየ ሰው ሥራ ፈት ነው፤ ለጥናት ያየ ግን ሻይ ይታዘዝለታል።

ሻዩን ይዤ ሳዳምጥ ለካ አዋቂው እሳቸው ኖረዋል። ዓሳ በሊታው ንስር የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር፣ ጎህ ሲቀድ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ እንዴት እንደሚጮህ ድምፁን አስመስለው አሳዩኝ። አባ ኮዳ የሰፈረበት ዛፍ ሥር መኪና አቁሞ የተማረረ እንግዳ በዝቶባቸዋል። ይሄን ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩ ኖረው ማንም «ምን እያዩ ነው?» ብሏቸው አያውቅም። ዩኒፎርም አላቸዋ።

«ጥናት» የሚለው ቃል ቁርስ ቤት ሲደርስ ባልደረቦቼ ወንበር ይዘው ወረዱ። የውሃ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቿ የምትራመደውን ጃካና አሳየኋቸው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች፤ ታቅፎ የሚፈለፍለው፣ ጫጩቶቹንም ክንፉ ሥር ወሽቆ የሚያሳድገው አባትየው ነው አልኳቸው።

«እቺማ ተምራለች!» አሉ እትዬ።

«የፈረንጅ ወፍ ናት» አለ ሾፌራችን ተቆጥቶ።

«የለም፣ የአፍሪካ ናት። እዚሁ ነው የምትኖረው።»

ሾፌራችን ከዚያ ወዲያ ሐይቁን ጀርባ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ግን መነጽሩን እየተቀባበሉ ረፋዱን ጨረሱት። ይበላል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ልንሄድ ስንል አባባ ጠጋ ብለው እጄን ያዙኝ።

«ስሜን ጻፈው እሺ? መረጃ ሰጥቻለሁ።»

«እሺ አባባ።»

«አበሉስ በቀን ስንት ነው?»

ሾፌራችን ሞተሩን አስነስቷል። እኔ ወደ አውቶቡሱ አፈገፈግኩ፤ አባባም አብረውኝ አፈገፈጉ።

«ስብሰባ ካለውም ቅዳሜ አይመቸኝም» አሉ።