እውነተኛውን ቀይ የሚያሳይ ስክሪን የት ይገኛል?

ከለር ትንሽ ነገር ነው የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። ሐረር እየኖረ እንዲህ የሚል ሰው አይገባኝም። ጀጎል ውስጥ አንዱ ግድግዳ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ሮዝ ነው። ቤት ስትገቡ ስፌቱ አለ። እናቴ አለላ መምረጥ ከጀመረች ቀኑ ይመሻል። ቀዩና ወይን ጠጁ ለጥቂት ነው የሚለያዩት። ለእሷ ግን ያቺ ጥቂት ናት ስፌቱ።

እኔ እሷ የሰፋችውን ፎቶ እያነሳሁ ኢንተርኔት ላይ እሸጣለሁ። ሞኒተሬ ላይ ቀይ የሆነው ሙዳይ ስልኬ ላይ ብርቱካናማ ነው። እህቴ ላፕቶፕ ላይ ሮዝ ይሆናል። ገዢዋ አዲስ አበባ ተቀብላ «ያዘዝኩት ይሄን አይደለም» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ብዙ ሞኒተር ከካርቶን ሲወጣ ብርሃኑ ከልክ በላይ ነው፣ ነጩም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ካሉት ደምቆ እንዲታይ ነዋ! ደረጃ ጠፍቶ አይደለም። ኤችፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የሚባለውን የከለር ደረጃ በ1996 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል። ነጩ 6500 ኬልቪን ገደማ (ኬልቪን ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱ የሚለካበት ነው)፣ ጋማው፣ ማለትም ከጥቁር ወደ ነጭ ብርሃኑ የሚጨምርበት አካሄድ፣ 2.2 አካባቢ ተብሎ ተቀምጧል። ታዲያ ከፋብሪካ ሲወጣ ለምን በዚያ አይስተካከልም?

ሻጩን ስጠይቀው «ብርሃኑን ከፍ አድርጊው» ይለኛል። ብርሃኑ ሲበዛ እኮ ፎቶውን አጨልሜ ነው የምልከው! ሌላው ደግሞ «የሞዴሉን ፕሮፋይል አውርደሽ ጫኚ» ይላል። ፕሮፋይል ማለት ስክሪኑ ከለሩን እንዴት እንደሚያሳይ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ፋይል ነው። አንድ ሞዴል ሆነው እንኳ ስክሪን ከስክሪን ይለያያል። የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ እንደ ማንበብ ነው።

ዊንዶውስ ውስጥ ማስተካከያ አለ፣ አውቃለሁ። ክቦቹ መሀል ያሉት ነጠብጣቦች እስኪደበዝዙ አንቀሳቅሺ ይላል። ግን በምን ፈርጄ? በዓይኔ። ዓይን ይለምዳል። ሰማያዊ ያጠቃውን ነጭ ትንሽ ከቆየንበት ነጭ ነው ብለን እንቀበለዋለን። በሩ ተከፍቶ የቀትር ፀሐይ ሲገባና ማታ በአምፖል ስሠራ የማየው አንድ አይደለም።

መፍትሔው መለኪያ መሣሪያ ነው። ስክሪኑ ላይ ይደገፋል፣ ከለሮቹን አንድ በአንድ ያነባል፣ ከዚያ ለዚያው ስክሪን ፕሮፋይል ይሠራል። ሶፍትዌሩማ በነፃ ይገኛል፣ ዲስፕሌይካል አለ። መሣሪያው ግን ዋጋው ከሞኒተሬ ይበልጣል። ለአንድ ቤት ማን ይገዛዋል? ስክሪኑም ሳይለካ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሞቆ መቆየት አለበት። መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ።

ርካሽ ላፕቶፕማ ሌላ ጉድ ነው። አንዳንዱን ቀይ ጭራሽ ማሳየት አይችልም። ፕሮፋይል ደግሞ የሌለ ከለር አይፈጥርም።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መሣሪያው ኪስ የሚገባ ነገር ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ወይም ፎቶ ቤት አንድ ገዝቶ በሰዓት ቢያከራይ ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል። ፎቶ አንሺው፣ ባነር ሠሪው፣ ልብስ ሻጩ፣ ሁላችንም እንከፍላለን። ሐረርም ድሬም ጠይቄ አላገኘሁም። ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ኪራዩን ቀድሜ እከፍላለሁ። ድሬ ከሆነም በጠዋቱ ሚኒባስ እወርዳለሁ።