ብርድ የማይደፍረው ሯጭ

ስለ ጽናት ሲወራ ተራራ የወጣው፣ ባሕር ያቋረጠው ይነሣል። እኔ ዛሬ ምስክርነቴን የምሰጠው ለሌላ ጀግና ነው፤ ገና ቅጠል መርገፍ ሲጀምር "ዘንድሮ ብርድ ከሩጫ አያስቆመኝም" ብሎ በሰው ፊት ለሚምለው። ደግሞም መሐላው እውነት ነው። ብርድ አስቁሞት አያውቅም። ለማስቆም እኮ መጀመሪያ መንገድ ላይ ማግኘት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ሯጮች ብዙ ናቸው፤ አንደኛው ወዳጄ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ሥራቸው ያስገድደኛል።

ተራ ሯጭ ጫማውን አስሮ ይወጣል። እሳቸው ግን "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ባይ ናቸውና ከክሩ ጀመሩ። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ግን አይለቅም። ውኃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይነጥቃል። ስለዚህ ላብ ያራሰውን የጥጥ ካናቴራ ለብሶ ንፋስ ውስጥ መቆም ማለት በገዛ እጅ መንዘፍዘፍ ነው። ይህን ሲያነቡ ሌሊቱ ተጋመሰ፤ በማግስቱ መሮጥ እንዴት ይታሰባል? ዕረፍትም የልምምድ አካል ነው።

በሳምንቱ ሦስቱ ድርብርብ ልብስ ተሟላ። ከቆዳ ጋር የሚነካካው፣ ላብ የማይዝ ፖሊስተር፤ ከእሱ ላይ ቢረጥብ እንኳ ሙቀቱን የማይጥል የሜሪኖ በግ ሱፍ፤ ከሁሉ በላይ ንፋስ የሚመልስ ጃኬት። ሦስቱንም ለብሰው ሳሎን መሐል ቆሙ። የቤት ማሞቂያው ራዲያተር እየነደደ ነው። አምስት ደቂቃም ሳይሞላ ግንባራቸው ወዛ፣ ከዚያም ላብ በጆሮ ግንዳቸው ወረደ። "አየህ፣ ይሠራል!" አሉኝና አወለቁት። በዚያ የብርድ ወራት ያላባቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልብሱ ሲበዛ ነው እንጂ ሲያንስ ሯጭን ብዙም አያስቸግርም፤ ይህን እሳቸውም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰውነት መሮጥ ከጀመረ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የራሱን ምድጃ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሯጮች ቴርሞሜትሩ ከሚለው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሞቅ እንዳለ ቆጥረው ይለብሳሉ። ደጅ ሲወጡ ትንሽ ብርድ ብርድ ካላለ ልብሱ በዝቷል። ይህን ትምህርት ለስንት ሰው አስተምረዋል መሰላችሁ! ብርድ ብርድ የሚለው የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ግን እሳቸው ራሳቸው ደርሰው አያውቁም። ሊቅ ሁሉ የሚያስተምረውን ይቀምሳል ያለ ማነው?

አሁን ስለ ጃኬቱ ልናገር፤ ለእሱ ብቻ ሌላ ጽሑፍ ይገባው ነበር። ጃኬቱ በውስጡ ስስ ሽፋን አለው። ቀዳዳዎቹ የውኃ ጠብታ አያስገቡም፣ የላብን እንፋሎት ግን ያስወጣሉ። የዚህ ጥበብ መነሻ ቦብ ጎር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 የጋለ ቴፍሎን (መጥበሻ የሚለበጥበትን ፕላስቲክ) ይዞ ቀስ ብሎ ቢለጥጠው እየተበጠሰ ሲያስቸግረው በንዴት አንዴ መንጭቆ መሳቡ ነው ይባላል፤ ያኔ ሳይበጠስ ተለጠጠና በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሞላ። የወዳጄ ጃኬት የሚሰቀለው መታጠቢያ ቤት በር ጀርባ ነው። ስለዚህ እንፋሎት ያውቃል፣ በየጠዋቱ ይገናኛሉ። ከዝናብ ጋር ግን ገና አልተዋወቁም። የዋጋ ወረቀቱ በቀጭን ላስቲክ ከእጅጌው ሥር እንደተንጠለጠለ ነው። "ለምን አትቆርጡትም?" ብላቸው፣ "የምመልሰው ከሆነስ?" አሉ። የሰው ልጅ አስተዋይነት እዚህ ድረስ ይደርሳል።

ጫማውም አይረሳ። ብርድ የጫማውን ሶል ያደነድነዋል፤ ስፖንጁ እንደ ሞቃት ቀን አይለጠጥም፣ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሰሌዳ የመርገጥ ያህል ናቸው። መንገዱ በረዶ ከሆነ ደግሞ ከጫማው ሥር የሚጠለቅ ባለ ብረት ጥርስ ላስቲክ አለ። ገዙት። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አራት እርምጃ ሄዱበት፤ አምስተኛው ላይ ከምንጣፉ ሦስት ረጃጅም ክሮች ተመዘው ወጡ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናቸው። "መያዝማ ይይዛል" አሉ በኩራት። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ክሮቹን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ጥርሱ ወደ ሣጥኑ ገባ፣ ሣጥኑም ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ።

የግንባር ባትሪና የእጅ ሰዓት ላይ ስንመጣ እሳቸውን የሚያህል የለም። ሊቲየም ባትሪ ብርድ ሲነካው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ስንት ሯጭ ጨለማ መሐል መብራቱ ድርግም ብሎበታል። የእሳቸው ግን አልጋ አጠገብ፣ ሙቀት ውስጥ፣ ቻርጀሩ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ መቶ በመቶ! ይህን የመሰለ የባትሪ አያያዝ የት ይገኛል?

ወኔን በተመለከተ ዘዴያቸው ማኅበራዊ ነው። ማታ በሩጫ ግሩፓችን ላይ "ነገ 11 ሰዓት፣ ሰበብ የለም" ብለው ይጽፋሉ፣ ከሥሩም የክንድ ጡንቻ ምስል ሦስት ጊዜ ይደረድራሉ። ሁላችንም እንበረታታለን። ከንጋቱ 10:50 ላይ ስልካቸው ይበራል፤ ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው የአየር ትንበያውን ይከፍታሉ። ቴርሞሜትሩ -3 ይላል። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እሳቸው ግን ጠለቅ ብለው ይመለከታሉ፦ ንፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ቆዳ ላይ የሚሰማው -9 ነው። ደግሞ አዋቂ ሯጭ ሲሄድ ንፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል፣ ሲመለስ በጀርባው ያደርገዋል፤ ያለዚያ ላብ ይዞ ሲመለስ ያንቀጠቅጠዋል። ንፋሱ ከየት ነው? ከሰሜን ነበር፣ አሁን ግን ወደ ምሥራቅ ዞሯል። የታሰበው መንገድ አበቃለት። ሌላ መንገድ ማጥናት ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ካርታ፣ ለካርታ ብርሃን። 11:20 ላይ "በንፋሱ አቅጣጫ ምክንያት ለነገ ተላልፏል" የሚል መልእክት ይደርሰናል። የመርከብ አዛዥ እንጂ ሯጭ የጻፈው አይመስልም።

በነገራችን ላይ በእርግጥ የማይሮጥበት ጠዋት አለ። አስፋልቱን በዓይን የማይታይ ስስ በረዶ ሲለብሰው፣ ወይም ውርጩ ጣት የሚያደነዝዝ ሲሆን፣ ብልህ ሰው ቤቱ ውስጥ ዘሎ ዘሎ ያበቃል። የወዳጄ ልዩ ተሰጥኦ እነዚያን ጥቂት ጠዋቶች እስከ ሁሉም ጠዋት ማራዘም ነው። ደረቅ ብርድ አየር ደረት እንደሚቆጠቁጥ፣ አፍና አፍንጫን በሻርፕ መሸፈን እንደሚያቀልለው ከነገርኳቸው ጀምሮ ደግሞ አልጋቸው ውስጥ ሆነው ያስላሉ።

የጥንቶቹ ያሳዝኑኛል። ኤሚል ዛቶፔክ የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ወታደር በከባድ ቦት ጫማ በረዶ ላይ ይለማመድ ነበር። መረጃ የሚነግረው ሰው አልነበረውም መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 5,000 ሜትሩንም፣ 10,000ውንም፣ ማራቶኑንም በአንድ ኦሊምፒክ ጠቅልሎ ሄደ። አበበ ቢቂላስ? በ1960 ሮም ላይ ጫማው እንኳ ሳይሟላ ገብቶ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2:15:16 ጨረሰው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ቸኩለው የለቀሙት ወርቅ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ትንሽ ታግሠው ትክክለኛውን ካልሲ ቢጠብቁ ኖሮ የት በደረሱ!

እኔስ? እኔም ከማሞገስ ያለፈ መብት የለኝም። ሁለት ጥንድ ጓንት አለኝ፣ አንዱ በስክሪን ላይ የሚሠራ ነው። የሠራሁበትም ስክሪን ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወዳጄና እኔ ለፎቶ ወጥተን ነበር። ፎቶ የሚነሣው መጀመሪያ ላይ ነው፣ በኋላማ ፊት ይቀላል፣ አፍንጫ ይፈስሳል። አንጸባራቂ ሰደርያቸውን አስተካክለው፣ የግንባሩን ባትሪ አብርተው በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ከታች ከመንገዱ ጫፍ እርምጃ ተሰማ። የሠፈራችን ሴትዮ ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ ይመስለኛል። ክርናቸው ላይ የተጣፈ አሮጌ ሹራብ፣ የወንድ ኮፍያ፣ እጃቸው ላይ ደግሞ ጓንት ሳይሆን ወፍራም ካልሲ። ጣቶቹ አንድ ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ሲሞቁ ለየብቻ ከሚቀመጡበት ጓንት ይሻላል። ከትንፋሻቸው ጭስ ይወጣል። እርምጃቸው አይፈጥንም፣ አይቆምምም።

ወዳጄ ፎቶውን ትተው ወደ መንገዱ ወረዱ። ባለሙያ ባለሙያን ሲያይ ዝም አይልም።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ይቅርታ፣ እጅዎ ላይ ያለው ምን ዓይነት ነው?"

"ይሄ?" አሉ ሴትዮዋ ሳይቆሙ፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። "የልጄ ነው!"

ከጥጉ ዞሩና ተሰወሩ። ወዳጄ ወደ ቤት ገቡ፣ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ስልካቸውን አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ካልሲ እያፈላለጉ ነው፤ በእሳቸው ቁጥር ግን አልተገኘም።