ይድረስ ለጋሽ ስጋት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እርስዎ ካልመጡብን ደህና ነን።

በቀደም የሰፈራችን ጌም ቤት በር ላይ ቆመው «ትውልድ አለቀ! ሊገዳደሉ ነው!» ሲሉ ሰማሁዎት። ገባ ብለው ቢያዩ ጥሩ ነበር። ስክሪኑ ላይ የነበረው አርሴናልና ማንቸስተር ነው። ጠቡም የሒሳብ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ተሸናፊው ደግሞ «ጆይስቲኩ አይሠራም» ብሎ ድርቅ አለ።

ለነገሩ እርስዎ የቆየ አመል ነው ያለብዎት። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ዴዝ ሬስ የሚባል ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት ጌም ወጣ። በጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ ጥቃቅን ምስሎችን በመኪና መግጨት ነው። የተገጨው ይጮሃል፤ ቦታው ላይ መስቀል ይተከላል። ኩባንያው «ኧረ ሰው አይደሉም፣ ግሬምሊን የሚባሉ የተረት ፍጡራን ናቸው» ቢልም እርስዎ አገር ይያዝልኝ አሉ። ገበያው ደራለት። ኮሚሽን ነበረዎት እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ1993ማ የአሜሪካ ሴኔት ድረስ ዘለቁ። ጉዳዩ ሞርታል ኮምባት የሚባል ደም የሚረጭበት የድብድብ ጌም ነው። የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ ደሙን ግራጫ ቀብቶ ላብ አደረገው። ሰውየው በቡጢ ፊቱን ይነረታል፣ ያልበዋል! ተፎካካሪው ሴጋ ግን ደሙን ከምስጢር ኮድ ጀርባ ደበቀው። ልጆች ኮዱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት፤ በሽያጭም ሴጋ በለጠ። በዓመቱ ለጌም የዕድሜ ደረጃ የሚያወጣ ተቋም ቆመ። እሱን እንኳ ደግ አደረጉ፤ አልክድዎትም።

ግርም የሚለኝ አሮጌ ሲሆን ዝም ማለትዎ ነው። ገና ሲደርስ ጎረምሳው ሩሯን ስቶ የባልንጀራውን ቅልጥም ሲያገኘው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ይስቃሉ። ሠርግ ላይ አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ የገደለውን ሲቆጥር ያጨበጭባሉ፤ ያውም የልጅ ልጅዎን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው። እኛንስ «ጅቡ መጣ» እያሉ አይደል ያስተኙን?

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቃትን በጌም ማሳበብ በቂ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለውም ብሏል። መጠነኛ ዝምድና አየሁ ያለው እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ነገሮች ጋር ነው። እሱንማ ጌም ነክተን የማናውቀውም ታክሲ ሰልፍ ላይ እንችልበታለን።

አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው ቡና ላይ «ይሄ እርኩስ ጌም» ብለው ስሙን ሲጠሩ ልጆቹ ከጓዳ ሰምተው አውርደውታል። የእኔም የወር ፓኬጅ በዚያው አለቀ። ቀጣዩን ሲያወግዙ ስሙን ዝቅ አድርገው ይጥሩልኝ።

አክባሪዎ፣
የጎረቤት ልጅ