ሦስት ፊደል፣ ኢጣሊያ የተሸነፈችበት

«ኢጣሊያ ድል የተመታችበት ቦታ፣ ሦስት ፊደል።» ይህን የመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ ያየ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሳያሽ አድዋ ብሎ ይሞላል። ዶጋሊም እኮ ሦስት ፊደል ነው! ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. 500 ገደማ የኢጣሊያ ወታደሮችን የደመሰሱበት ዶጋሊ። ሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ዛሬም «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ ለነዚያው ሟቾች መታሰቢያ። ተሸናፊው ያልረሳውን ቦታ የኛ መስቀለኛ ቃላት አዘጋጆች ረስተውታል።

አድዋ በዛ እያልኩ አይደለም። አድዋ አይበዛም። ቅር የሚለኝ የጦር ሜዳ ሁሉ «ድል የተገኘበት ቦታ» በምትል አንዲት ፍንጭ መታለፉ ነው።

የአዘጋጆቹ ችግር ይገባኛል። በአማርኛ አንድ ሳጥን የሚይዘው አንድ ሙሉ ፊደል ነው። አድዋን በጉንደት ላቋርጥ ብትል ድ እና ደ አይገጥሙም። አድዋ ግን በዋ ስለሚያልቅ ዋርካም ዋልያም ዋሽንትም ይቀጠልበታል። ተወዳጅ ቢሆን አይገርምም። (በአ ይሁን በዐ ይጻፍ የሚለውን ጭቅጭቅ አላነሳም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው።) መተማና መቅደላም በመ ስለሚጀምሩ ማዕዘን ላይ አብረው ይገባሉ። ጉራ፣ እምባቦና አንቺም የተባሉት የጦር ሜዳዎች ግን ከስንት አንዴ ቢገኙ ነው።

እኔ የምኖረው ለገጣፎ ነው። አስፋልቱ ዳር ያለችው ካፌ ውስጥ አንድ ጋዜጣ ለአራት ሰው ይበቃል። አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ «መቅደላ በሉት ባካችሁ» ይላል። በቀደም አንድ አዘጋጅ ደፈር ብሎ «በ1909 ዓ.ም. ጦርነት የተካሄደበት ሜዳ» የሚል ፍንጭ አስገባ። መጨረሻው ሌ ነው። ሁላችንም ዝም። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በእርሳሳቸው ሰገሌ ብለው ጻፉ።

«ጋሼ፣ ሰገሌ ደግሞ የት ክፍለ ሀገር ነው?» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ።

«እዚሁ አፍንጫህ ሥር!»

እውነታቸውን ነው። ውጭ ረዳቱ «ሰንዳፋ! ሸኖ!» እያለ ሰው ይጠራል፤ ሰገሌ በዚያው በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ገጠማቸው። ንጉሡ ተማረኩ፤ የዘውዲቱም ዙፋን ጸና። ያን ቀን ነገሩ በሌላ መልክ ቢያልቅ ኖሮ አዲስ አበባ ማን እንደሚገባባት እንጃ። ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ከፍንጭ የሚጠፋው በፊደሉ ምክንያት ነው እንዳልል፣ በሌ የሚጀምር ቃል ሞልቷል፤ ሌላው ቢጠፋ ሌባ አይጠፋም። የሚጠፋው እርስ በርስ የተዋጋንበት ስለሆነ ይመስለኛል። ለመፎከር አይመችም።

አድዋንም ቢሆን በሌላ በር መግባት ይቻላል። የኢጣሊያው ጄኔራል አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ካርታው ላይ ያለው ስምና አገሬው የሚጠራው አልተገናኙም። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ወደፊት ገሰገሰ፤ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተላተመ። «የተሳሳተ ካርታ ጄኔራሉን የመራበት ኮረብታ» ብትሉን ምን አለበት? ወይም መቀሌን፦ «እቴጌ ጣይቱ ውኃውን ያስያዙበት ምሽግ»። እንዳ ኢየሱስ። ኢጣሊያኖችን በጥማት እጅ ያሰጠ ምሽግ ከዚህ በላይ ምን ፍንጭ ይፈልጋል?

«ጨዋታ እኮ ነው፣ አታካብድ» የሚለኝ አይጠፋም። ጨዋታማ ከሆነ ይጣፍጥ። እስቲ ይቺን ሞክሯት፦ ሁለት ጦርነቶች፣ ሁለቱም መጋቢት 22 ቀን፣ በስድስት ዓመት ልዩነት። በ1922 ራስ ጉግሣ ወሌ የወደቁበት፣ አውሮፕላን በላያቸው ያንዣበበበት አንዱ። በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጦሩን መርተው ከኢጣሊያ ጋር የገጠሙበት ሌላው። ሁለቱም አራት አራት ፊደል ናቸው።