እርማት፦ ኤክስአርኤፍ ካርቦንን አያይም

ኤክስአርኤፍ ብረትን በኤክስሬይ መትቶ ከሚመለሰው ጨረር ንጥረ ነገሮቹን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ 304 እና 304ኤል ደግሞ የማይዝግ ብረት ዓይነቶች ናቸው። «በእጅ የሚያዘው ኤክስአርኤፍ ብረት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ 304ን ከ304ኤልም ይለያል» የሚለው ስህተት ነው። መሣሪያው ክሮሚየምንና ኒኬልን በሰከንዶች ይለካል፤ 304ንና 304ኤልን የሚለያቸው ግን ካርቦን ነው፤ በ304ኤል ከ0.03 በመቶ መብለጥ የለበትም። የካርቦን ጨረር ጉልበቱ 0.28 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ አየሩና የመሣሪያው መስኮት ውጠው ያስቀሩታል። ስለዚህ ስክሪኑ «304ኤል» ብሎ ቢጽፍም እባካችሁ በዚያ ብቻ ዕቃ አትረከቡ።

ካርቦኑን በአርጎን ጋዝ ውስጥ ብልጭታ ፈጥሮ ከብርሃኑ በሚለካ የኦፕቲካል ኤሚሽን መሣሪያ አስለኩ። መጀመሪያ የብረቱ ፊት በንጹሕ የአሉሚና ወይም የዚርኮኒያ ዲስክ ይፋቅ። በሲሊኮን ካርባይድ ከተፋቀ፣ ወይም ዘይት አልያም የጣት አሻራ ከቀረበት፣ ካርቦኑ ከእውነተኛው በላይ ይነበብና ደህናው ብረት ፈተናውን ይወድቃል። አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ለኩ።