ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤቱ ሥራ ያቆማል?

ወንድሜ፣ «ሐዋሳ ውስጥ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር በራሱ የሚሠራ ቤት (መብራቱንና መሣሪያዎቹን ኮምፒውተር የሚያዝዝለት) ጨለማ ይውጠዋል» ማለትዎ ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም ትክክል አይደለም። ይህ የሚደርሰው ትእዛዛቸው ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) ደርሶ የሚመለስ መሣሪያዎች ሲገጠሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ነጻው ሆም አሲስታንት የተባለ የቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ግን ራስበሪ ፓይን በመሰለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ እዚያው ቤት ውስጥ ይሠራል፤ የበሩ ሴንሰር በዚግቢ (የቤት መሣሪያዎች በቅርብ ርቀት በሚነጋገሩበት ሬዲዮ) መልእክት ሲልክ ኮምፒውተሩ «ፀሐይ ከጠለቀች የበረንዳው መብራት ይብራ» የሚለውን ደንብ አይቶ አምፖሉን ያዝዛል፣ በዚህ ሁሉ መሃል ኢንተርኔት የሚገባበት ቦታ የለም። የፀሐይዋ መጥለቂያ ሰዓት እንኳ ከቤቱ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚያጡት ከውጭ ሆኖ መቆጣጠርና የአየር ትንበያን የመሰለው ብቻ ነው።

የመብራት መጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋልና) ይምታታሉ። ይልቅ የሚያስቸግረው፣ ብዙዎች የማያነሱት ነገር ይህ ነው፦ ራስበሪ ፓይ 4 ባትሪ ያለው የራሱ ሰዓት ስለሌለውና ሰዓቱን ከኢንተርኔት ስለሚያስተካክል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በሰዓት የታሰሩት ደንቦችም ያለጊዜያቸው ይሠራሉ። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የሰዓት ሞጁል ቢጨምሩለት ችግሩ ይቀረፋል።